ደርባን ቦታኒክ ጋርደን፦ አበባ ሳይሆን ዛፍ ለማየት

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከጆበርግ (ጆሃንስበርግ) ተነስቶ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ደርባን የወረደ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ባሕር ዳር ተኝቶ ቢመለስ የሚፈርድበት የለም። ሦስተኛ ቀን ያለው ግን ከባሕሩ በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ በቤሪያ ኮረብታ ግርጌ ያለውን የዕፅዋት ግቢ ይይ። መግቢያ አይከፈልም። ስፋቱ 15 ሄክታር ገደማ ነው፤ በኳስ ሜዳ ቢለካ ሃያ ሜዳ ያህል ይወጣዋል። የተቋቋመው በ1849 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአፍሪካ ምድር እስከ ዛሬ ከዘለቁት የዕፅዋት ግቢዎች አንጋፋው መሆኑ ይነገርለታል።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው። ለዛፍ ከአምስት አምስት፣ ለጥላ አምስት፣ ለአበባ ሦስት። በረድፍ የተተከለ ጽጌረዳና በቀለም የተጠለፈ መደብ ጠብቆ የሚገባ ሰው «ይኼ ነው እንዴ?» ብሎ ይወጣል። እዚህ ግቢ ውስጥ የሚታየው ዕድሜ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆመ ግንድ፣ ከቅርንጫፍ ወርዶ አፈር የነካ የፊከስ (የሾላ ወገን ዛፍ) ሥር፣ ከዱር የጠፋ ተክል። ልጆች ከያዛችሁ ሣሩ ሰፊ ስለሆነ እነሱም አይሰለቹም።

መጀመሪያውኑ ለሽርሽር አልተተከለም። እንግሊዞች ናታልን (ደርባን ያለችበትን፣ የዛሬውን ኳዙሉ ናታል) በያዙ ሰሞን «እዚህ አፈር ላይ ምን ያዋጣል?» የሚለውን ለመሞከር የከፈቱት የሙከራ እርሻ ነበር። መጀመሪያ ኡምጌኒ ወንዝ ዳር ጀመሩት፤ በ1851 አሁን ወዳለበት ቦታ አዛወሩት። ለንደን አጠገብ ካለው የኪው ግቢ ዘርና ችግኝ ይመጣ ነበር፤ ሸንኮራ አገዳ፣ ሻይ፣ አናናስ፣ ባሕር ዛፍ እየተፈተነ ለገበሬ ይሰጣል። ከተሞከሩት አንዱ የእኛው ቡና ነው። ናታል ላይ ጥቂት ዓመታት ደህና ሄዶ ነበር፤ በኋላ የቅጠል ዋግ ገባበትና እርሻው ተፈታ። ቀዝቀዝ ባለ ወይና ደጋ ጥላ ሥር የለመደን ተክል ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል፣ እርጥበቱ ሌት ተቀን በማይለቅ አገር ሲተክሉት ለዋግ ቤት እንደ መሥራት ነው። ሸንኮራው ግን ያዘ። እርሻው ሲሰፋ ጉልበት ጠፋ፤ በኖቬምበር 1860 ትሩሮ የተባለች መርከብ የመጀመሪያዎቹን የኮንትራት ሠራተኞች ከሕንድ አምጥታ ደርባን አወረደች። እነሱን ተከትለው ነጋዴዎቹ መጡ። ዛሬ መሃል ደርባን ከሕንድ ሱቅ በጅምላ ገዝቶ ሎኬሽን (ከከተማው ዳር ያለ የጥቁሮች ሰፈር) ወስዶ የሚቸረችር ሀበሻ ይህን ቢያውቅ፣ ግቢው ውስጥ አንድ የሸንኮራ አገዳ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፈውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የማየት ጊዜ ቢኖራችሁ ኤንሴፋላርቶስ ዉዲአይ የሚባለውን እዩ። ከሩቅ ዘንባባ ይመስላል፤ አይደለም። ሳይካድ ከሚባለው፣ አበባ የሚያወጡ ዕፅዋት ሳይመጡ ምድር ላይ ከነበረው ወገን ነው። ዝምድናው ከዘንባባ ይልቅ ለጥድና ለዝግባ ይቀርባል። በ1895 የግቢው ኃላፊ የነበረው ጆን ሜድሊ ዉድ ከደርባን በስተ ሰሜን፣ ምቱንዚኒ አጠገብ ባለው የኦንጎዬ ደን ዳር አገኘው። አራት ግንድ ያለው አንድ እግር ነበር። ከዚያ በፊት የታየ የለም፤ ከዚያ በኋላም ሌላ አልተገኘም። በ1903 ምክትሉ ጄምስ ዋይሊ ከሥሩ የፈሉትን ቡቃያዎች ነቅሎ ደርባን አመጣ፤ በ1907 ከትልልቆቹ ግንዶች ሁለቱ ተከተሉ። ዱር የቀረውን ደግሞ ለባህል መድኃኒት ቅርፊቱን የሚልጡ ሰዎች ጎዱት፤ በ1916 የመጨረሻው ተነቅሎ ፕሪቶሪያ ተወሰደና እዚያ ጥቂት አሥርተ ዓመታት ኖሮ ሞተ። ዛሬ ዱር ውስጥ አንድም የለም።

ይህ ብቻ ቢሆን ሌሎች ከዱር የጠፉ ተክሎችም አሉ። የዚህኛው የባሰው ነገር ወንዴ ብቻ መሆኑ ነው። ሳይካድ እንደ ተምር ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ እግር ናቸው። ወንዴው ብናኝ ያለበት ኮን (የጥድ ፍሬ የሚመስል አካል) ያወጣል፣ ሴቴዋ ፍሬ የምትይዝ ኮን። የዉዲ ሴቴ ተገኝታ አታውቅም። ደርባን ያለው፣ ኪው ያለው፣ አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ግቢዎች ውስጥ ያለው ሁሉ ከዚያ ከኦንጎዬ እግር የተነቀለ ቡቃያ ወይም የቡቃያው ቡቃያ ነው። የተለያየ አገር ተተክሎ የቆመ አንድ ተክል ነው ማለት ይቻላል። በ2024 ይፋ የሆነ አንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ድሮን አስነስቶ፣ ፎቶውን በኮምፒውተር እያስለየ፣ ደኑ ውስጥ ሴቴ ይፈልግለት ነበር፤ ያሰሱት ከደኑ ጥቂቱን ክፍል ነው፣ አልተገኘችም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ሲባል ባለሙያዎቹ የያዙት መንገድ ማዳቀል ነው። የቅርብ ዘመዱ ኤንሴፋላርቶስ ናታሌንሲስ ሴቴ አላት። የዉዲን ብናኝ ለእሷ ሲሰጧት የሚወለደው ግማሹ ዉዲ ይሆናል። ከዚያ ዘር ሴቴ የሆነችውን መርጠው መልሰው ከዉዲ ጋር ሲያራቧት ሦስት አራተኛ፣ እንደገና ሲደግሙት 87.5 በመቶ። ሙሉ ዉዲ ግን በዚህ መንገድ መቼም አይገኝም፤ እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ። ጊዜውም ቀላል አይደለም፤ ሳይካድ ከዘር ተነስቶ ኮን ለማውጣት አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንድ ባለሙያ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ሦስት ትውልድ ቢያይ ነው።

ስታዩት እንዲህ እዩት። መጀመሪያ ግንዱን፦ የረገፉት ቅጠሎች እግር እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ግንዱን ለብሶታል፤ ግርጌው ሰፋ ይላል። ከዚያ ቅጠሉን፦ ሁለት ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ እንደ ዣንጥላ ዙሪያውን ጎንበስ ብሎ ይወርዳል። የቅጠሉን ዘንግ ከእግሩ ጀምሩና በዓይናችሁ ተከተሉት። ግርጌው አካባቢ ያሉት ትናንሽ ቅጠሎች ሰፊና የተሰነጣጠቁ ናቸው፤ ወደ ጫፉ ስትሄዱ ጠርዛቸው ድፍን ይሆናል። አጠገብ ካሉት ሳይካዶች የሚለየው ይኸው አወራረዱና ይህ የግርጌ ስንጥቅ ነው። ኮን ይዞ ካገኛችሁት ዕድለኞች ናችሁ፤ ቢጫና ብርቱካናማ መሃል ያለ ደማቅ ቀለም ነው፣ ከአናቱ ብዙ ሆኖ ይወጣል። ከሥሩ ትናንሽ ቡቃያ ካያችሁ ደግሞ ያችን ቡቃያ አትናቋት፤ ዘሩ የሚቀጥለው በእሷ ብቻ ነው።

ቦታውን በራሳችሁ ልፈልግ ብላችሁ አትድከሙ። ግቢው ውስጥ ሳይካድ ብዙ ስለሆነ ሌላውን አይታችሁ «አየሁት» ብላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። መግቢያው ላይ ካለው የጎብኚዎች ማዕከል ካርታ ጠይቁ፤ ወይም ጥበቃውን «ዉድስ ሳይካድ የት ነው?» በሉት፣ ይጠቁማችኋል። በአማርኛ ልማድ «ውዲ» እያላችሁ ብትጠይቁ አይገባውም።

ሳይካድን በተመለከተ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛ፣ የሌሎቹ ሳይካዶች ሴቴ ኮን ሲበስል ይፈርስና ፍሬው መሬት ይወድቃል። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነው፣ ከረሜላ ይመስላል። መርዛም ነው፤ ጉበት ይጎዳል። የሦስት የአራት ዓመት ልጅ ይዛችሁ ሳይካዶቹ መሃል ስትሄዱ እጁን አትልቀቁ። ሁለተኛ፣ በደቡብ አፍሪካ ሳይካድ ሕግ ያለው ተክል ነው። ያለ ፈቃድ ቡቃያ መንቀል፣ መግዛት፣ መሸጥ፣ ቤት ማስቀመጥ ያስቀጣል፤ በዓለም አቀፉ የዱር ዕፅዋት ንግድ ስምምነትም ኤንሴፋላርቶሶች በሙሉ በጥብቁ ምድብ ውስጥ ናቸው። ሌባ ሳይካድን እንደ ወርቅ ስለሚፈልገው ግንዱ ውስጥ መለያ ቺፕ የሚቀበርበት ጊዜ አለ። መንገድ ዳር ባኪ (ፒክአፕ መኪና) ላይ ጭኖ «ርካሽ ነው፣ ለሱቅህ በር ያምራል» የሚላችሁን እለፉት። ወረቀቱ ገና ያልተስተካከለለት ሰው በተክል ምክንያት ፖሊስ ጣቢያ መግባት አያስፈልገውም።

ከሳይካዱ ቀጥሎ ለሀበሻ ዓይን የሚገርሙ ጥቂት ነገሮች አሉ። ጃካራንዳውን ከአዲስ አበባ መንገድ ዳር ታውቁታላችሁ። እዚህ ያሉት ከ1885 ጀምሮ የቆሙ ናቸው ይባላል፤ በደቡብ አፍሪካ ካሉት ጃካራንዳዎች ከቀደምቶቹ ይመደባሉ። ግንዱ አዲስ አበባ ከለመድነው በጣም ይወፍራል። የሚያብበው በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው፤ ወሩ ለእነሱ የጸደይ ማብቂያ ነው። የሚያስቀው ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያስጌጠ ዛፍ አሁን ኳዙሉ ናታል ውስጥ በሕግ ወራሪ ተብሎ የተመዘገበ መሆኑ ነው፤ አዲስ መትከል ክልክል ነው፣ አሮጌዎቹ በታሪካቸው ቆመዋል። የረገፈው ሐምራዊ አበባ ሣሩን ሲሸፍነው ልጆች ጫማ አውልቀው መሮጥ ያምራቸዋል። አትፍቀዱ፤ ከረገፈው አበባ ውስጥ ንብ አይጠፋም፣ አስፋልቱ ላይ ደግሞ ሲረገጥ ያንሸራትታል።

ኮባ የሚመስል፣ ቅጠሉ በነፋስ የተሰነጣጠቀ፣ ከግንዱ ግን እንጨት የያዘ ረጅም ተክል ስታዩ እንሰት እንዳይመስላችሁ። ስትሬሊትዚያ ኒኮላይ ይባላል፤ የደርባን ባሕር ዳርቻ የራሱ ተክል ነው። አበባው ነጭና ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ የወፍ ምንቃር ይመስላል። ለሆሳዕና የምንይዘው ዘንባባም እዚህ አገር በተፈጥሮው ይበቅላል፤ ከኢትዮጵያ ጀምሮ በምሥራቁ ዳርቻ እስከ ደቡብ አፍሪካ የወረደ አንድ ዘር ነው። ስም ሰሌዳ ላይ ደግሞ «ኤቲዮፒካ» የሚል ቃል ስታነቡ ፎቶ ለማንሳት አትቸኩሉ። ነጯ ካላ ሊሊ ለምሳሌ ሳይንሳዊ ስሟ ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ ነው፣ አገሯ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። በድሮ የአውሮፓ ሊቃውንት አነጋገር ከግብፅ በታች ያለው አፍሪካ ሁሉ «ኢትዮጵያ» ነበር፤ ስሙ የቀረው ከዚያ ነው።

የኦርኪድ ቤቱ ከ1962 ጀምሮ ያለ ነው፤ በግቢው ኃላፊ በነበረው በኧርነስት ቶርፕ ስም ይጠራል። ትልቅ አይደለም፣ በቀስታ ቢታይ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ኦርኪድ በማሰሮ ተደርድሮ ሳይሆን ዛፍ ላይና ድንጋይ ላይ ተጣብቆ፣ እንደ ዱሩ ነው የሚታየው፤ ብዙዎቹ ኦርኪዶች አፈር አይፈልጉም፣ ሥራቸው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እርጥበት ይጠጣል። ሥሩን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ደረቁ ብርማ ነጭ ነው፣ ውኃ የነካው ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል። የራሱ መክፈቻ ሰዓት ስላለው ከሩቅ ለእሱ ብላችሁ ከመጣችሁ በር ላይ ጠይቁ። ለስልክ ካሜራ አንድ ነገር እወቁ፦ ኤሲ ካለው መኪና ወርዳችሁ ወዲያው ብትገቡ ሌንሱ በላብ ይሸፈናል። ቀዝቃዛ መስታወት ላይ እርጥብ አየር ሲያርፍ ውኃ ይሆናልና። በጨርቅ ብትጠርጉት ይመለሳል፤ አሥር ደቂቃ እጅ ላይ ይዛችሁ አሙቁትና ያኔ አንሱ። በደርባን በጋ ኦርኪድ ቤት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ደጅም ያጋጥማል።

ሐይቁ ጋ ወፍ አለ። የግብፅ ዝይ በብዛት፣ አይቢስ፣ ዕድል ከቀናችሁ አፉ ማንኪያ የሚመስለው ነጭ ወፍ። «ሃ ሃ ሃዴዳ» እያለ እንደ ሰው የሚጮኸው ግራጫ ወፍ ራሱ ሃዴዳ ይባላል፤ ያስደነግጣል እንጂ ምንም አያደርግም። ሐይቁ ዳር ያለው ሣር ለመቀመጥ ያጓጓል፤ የዝይ ኩስ ስላለ ግን ነጠላ ዘርግታችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ሣሩን አይታችሁ፣ ከውኃው ሃያ ሠላሳ ሜትር ራቅ በሉ። ዳቦ አትወርውሩ። ዳቦ የለመደ ዝይ ልጅ እጅ ላይ ያለውን ይነጥቃል፣ ውኃውም ይበላሻል።

መቼ ይኬድ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደርባን ከሰሜን ምሥራቅ የሚወርደው ሞቃት የባሕር ሞገድ ስላለ ውርጭ አያውቅም፤ ግቢው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው ከኦክቶበር እስከ ማርች። ዲሴምበርና ጃንዋሪ የዕረፍት ሰሞን ስለሆነ ሁሉም ሰው የሚመጣው በእነዚህ ወራት ነው፤ ለዚህ ግቢ ግን የባሰው ወቅት ይኸው ነው። ሙቀቱ 28 ዲግሪ ብቻ ቢሆንም እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ ላብ አይደርቅም፤ ከደጋ የወጣ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሄድ ይዝላል። ምርጫ ካላችሁ ከጁን እስከ ኦገስት ሂዱ፤ ደረቅ ነው፣ ቀኑ 22 እና 23 ዲግሪ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ሴፕቴምበር ላይ ከሄዳችሁ ደግሞ በዛፍ ጥላ ሥር ብርቱካናማ ክሊቪያ ያብባል፤ የዚሁ አካባቢ የራሱ አበባ ነው፣ ለአበባ የሰጠነው ሦስት ነጥብ በዚያ ሰሞን አራት ይሆናል።

ሰዓቱን በተመለከተ ግቢው የሚከፈተው ጠዋት 1፡30 ነው፣ ስልካችሁ 7፡30 ሲል ማለት ነው። በክረምታቸው፣ ከአፕሪል አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ፣ 11፡15 ላይ ይዘጋል፤ በበጋቸው 11፡45። በጁን ፀሐይ 11፡05 ገደማ ስለምትጠልቅ «ማታ ማታ እንሄዳለን» የሚባል ነገር የለም። ፎቶ ለሚፈልግ ምርጡ ሰዓት ከ1፡30 እስከ 3፡00 ነው፤ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ በዛፎቹ መሃል ይገባል። ከ5፡00 በኋላ ብርሃኑ ከላይ ስለሚወርድ ጥላ ሥር ያለ ሰው ፊት ይጠቁራል፣ ከኋላው ያለው ሣር ይነጣል። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ጭር ይላል። እሑድ ሱቅ የሚዘጋ ሰው ሌላ ቀን ስለሌለው እሑድን መምረጡ አይቀርም፤ እንዲያ ከሆነ በጠዋቱ ግቡ። አንዳንድ እሑድ ሐይቁ አጠገብ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ይቀርባል፤ ያን ዕለት በዚያ በኩል ትኬት ይጠየቃል፣ መኪና ማቆሚያም ይሞላል።

የሠርግ ፎቶ ፕሮግራም ለሚያስብ፦ ከመሬት ዝቅ ብሎ የተሠራውን የአበባ ግቢና የፊከሶቹን ሥር ሙሽሮች ይወዱታል። ነገር ግን ለሠርግና ለንግድ የሚነሳ ፎቶ እንደ ተራ ጉብኝት አይቆጠርም፤ አስቀድሞ ማስያዝና ክፍያ አለው። ቪዲዮ አንሺው «በነፃ ነው፣ ዝም ብለን እንገባለን» ቢላችሁ አትስሙት። ካሜራ፣ ማቆሚያና ነጭ ጃንጥላ ይዞ ሲገባ ጥበቃው ያስቆመዋል፤ አጃቢው በር ላይ ሲጨቃጨቅ ብርሃኑ ያልፋል። ደረጃ ስላለ ረጅም ቬሎ የሚይዙ ሁለት ሚዜዎች ያስፈልጋሉ፤ ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ ሣሩ ውስጥ ይሰምጣልና ሙሽራዋ ሁለተኛ ጫማ ትያዝ።

መብል ይዞ መግባት ይቻላል፤ ምንጣፍ ዘርግቶ እንጀራ መብላት የተለመደ ነው። መጠጥ፣ ውሻ፣ ብስክሌትና ኳስ ግን አይፈቀድም። እሳት አንድዶ ሥጋ መጥበስም እንዲሁ፤ ቡና ለማፍላት ከሰል ይዞ መምጣት የሚያምረው ካለ ቤቱ አፍልቶ በፔርሙዝ ይያዝ። ግቢው ውስጥ ያለው ሻይ ቤት ሻይና ስኮን ያቀርባል። ጾም ላይ ከሆናችሁ ስኮን ቅቤና ወተት አለው፤ ሻይ ብቻ ስትሉም ወተት አብሮ እንዳይመጣ «ብላክ» በሉ። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ያዙ። ትንኝ አለ፣ ግን ደርባን የወባ አካባቢ አይደለችም፤ ወባ ያለው በሰሜኑ ወሰን በኩል ነው። የትንኝ ቅባት ለማሳከኩ ብቻ ነው።

አመጣጡ ቀላል ነው። ለቦልት ወይም ለኡበር «ደርባን ቦታኒክ ጋርደንስ፣ ጆን ዚካሊ ሮድ» ብላችሁ አስገቡ። የመንገዱ የድሮ ስም ሲድነም ሮድ ነበር፤ የቆየ ሹፌር በዚያ ስም ይበልጥ ያውቀው ይሆናል። ከዋርዊክ ገበያ ብዙ አይርቅም፤ በእግር የሚሄዱ አሉ፣ ስልክና ቦርሳ ይዞ ግን አይመከርም። ዋርዊክ ላይ የባህል መድኃኒት የሚሸጥበት ድልድይ አለ፤ የዉዲን ቅርፊት ምን ዓይነት ገበያ እንደጨረሰው ለመረዳት የሚፈልግ ሰው በዚያ በኩል ቢያልፍ የተላጠውን ቅርፊትና የተነቀለውን ሥር በየከረጢቱ ያየዋል። የራሳችሁን መኪና ከያዛችሁ ለካር ጋርዱ (መኪና ለሚጠብቀው ሰው) አምስትም አሥርም ራንድ ሳንቲም አዘጋጁ፤ መኪና ውስጥ የሚታይ ነገር አትተዉ።

ዋና ዋና መንገዶቹ የተነጠፉ ስለሆኑ የሕፃን ጋሪም ዊልቸርም ይሄዳል፤ ግቢው ግን ከኮረብታ ግርጌ ስለሆነ ዳገት አለው። አረጋውያን ከያዛችሁ ሁሉን አዙሩ አትበሉ፤ ሳይካዱን፣ ኦርኪድ ቤቱንና ሻይ ቤቱን ብቻ አሳዩአቸው። ከዝናብ በኋላ የፊከስ ፍሬ ተረግጦ ንጣፉን ያሙለጨልጫል፤ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ለጤነኛ ሰው ሁለት ሰዓት ይበቃል። ቅደም ተከተሉ በሙቀቱ ነው የሚወሰን፦ በጠዋት ጥላ የሌላቸውን፣ ሐይቁንና ሳይካዶቹን፤ ሲሞቅ ትልልቆቹን ዛፎች፤ በመጨረሻ ኦርኪድ ቤቱንና ሻይ። ግልባጩን የሄደ ሰው በሰባት ሰዓት ፀሐይ ሳይካድ ፊት ቆሞ ያልበዋል፣ ምንም ሳያይ ወደ መኪናው ይሮጣል።

ስትወጡ በር ላይ ቆም በሉና የልጆቹን ኪስ ፈትሹ። ቀይ ፍሬ ካገኛችሁ እዚያው ጥላችሁ፣ እጃቸውን አስታጥባችሁ መኪና አስገቧቸው።